ከረንቱ ተጣፍቶ ፍለክሱ እንዴት ቀረ?

ኤሌክትሪካል የተማረ ሰው ሁሉ የሆነ ቀን ይሄን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ወይ ደግሞ መጠየቅ ነበረበትና ዝም ብሎ ፎርሙላውን ሸምድዶ ፈተናውን አልፏል። ትራንስፎርመር ማለት አንድ ብረት (ኮር) ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ ፕራይመሪው ከሶኬት የሚቀበለው፣ ሴኮንደሪው ለሎዱ (ለሚጠቀመው እቃ) የሚሰጠው። አይዲያል ማለትም እንከን የሌለበት የወረቀት ላይ ትራንስፎርመር ላይ የፕራይመሪው አምፔር ተርን (ከረንት በዙር ሲባዛ) እና የሴኮንደሪው አምፔር ተርን እኩል ናቸው፣ አቅጣጫቸው ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ስለዚህ ሲደመሩ ዜሮ። ፍለክስ (በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው ማግኔታዊ ፍሰት) የሚፈጥረው ከረንት ነው ተብለን ተምረናል። ድምሩ ዜሮ የሆነ ከረንት ዜሮ ፍለክስ ነው የሚሰጠው፣ ዜሮ ፍለክስ ካለ ሴኮንደሪው ላይ ቮልቴጅ አይኖርም፣ ቮልቴጅ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚጣፋ የሴኮንደሪ ከረንት አይኖርም። እና ምንድነው የምንማረው?

ሰሞኑን ይሄን የጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ባሕር ዳር ፖሊ፣ ኢንጂነሪንግ ካምፓሱ ነው የሚማረው። ማንጎ ፓርክ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ያዘዝነው አሳ እስኪመጣ "ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅህ" ሲለኝ በውስጤ ብር ፈልጎ ነው አልኩ፣ ወር ማለቂያ ነበራ። ደብተሩን አውጥቶ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን ስዕል አሳየኝ፣ አራት ማዕዘን ኮር፣ በግራ ጥምጥም፣ በቀኝ ጥምጥም፣ መሃል ላይ ነጠብጣብ መስመር ፍለክስ የሚል። "ይሄ መስመር ከየት ነው የመጣው?" አለኝ። ደስ አለኝ እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያቱም ስዕሉን ገልብጦ ዝም ያላለ ተማሪ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የኔ አቋም ግልፅ ነው፣ ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የአስተማሪዎቹና የመጽሐፎቹ ቅደም ተከተል ነው። ቻፕተር አንድ ላይ "ከረንት ፍለክስ ይፈጥራል" ብለው ይጀምራሉ፣ ሽቦ በብረት ላይ ጠምጥመህ ከረንት ስታሳልፍ ማግኔት ይሆናል፣ እሺ ልክ ነው። ከዛ ትራንስፎርመር ላይ ሲደርሱ ሳይናገሩ መንገድ ይቀይራሉ። ትራንስፎርመር ላይ እኮ እኛ የምንሰጠው ከረንት አይደለም፣ ቮልቴጅ ነው። ሶኬቱ 220 ቮልት ነው የሚሰጥህ፣ ስንት አምፔር እንደምትወስድ ያንተ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መነሻው የአምፔር ሕግ ሳይሆን የፋራዴይ ሕግ መሆን አለበት።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1831 የብረት ቀለበት ወስዶ በሁለት ወገን ሽቦ ጠመጠመበት፣ አንዱን ወገን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ የሌላው ወገን መርፌ ደንገጥ አለና ተመለሰ፣ ባትሪውን ሲያላቅቅ ደግሞ በተቃራኒው ደንገጥ አለ፣ መሃል ላይ ባትሪው እንደተገናኘ ሲቆይ ግን መርፌው ምንም አላለም። ዋናው ነገር እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ቮልቴጅ የሚመጣው ከፍለክስ ሳይሆን ከፍለክስ ለውጥ ነው። አንድ ዙር ሽቦ ላይ ያለው ቮልቴጅ በዛ ዙር ውስጥ የሚያልፈው ፍለክስ በሰከንድ የሚለወጥበት መጠን ነው፣ ሺህ ዙር ካለ ሺህ እጥፍ፣ በቃ።

አሁን ይሄን ገልብጠህ አንብበው። ፕራይመሪው ሁለት ጫፍ ላይ 220 ቮልት በግድ ካስቀመጥክ፣ ሽቦው ደግሞ አይዲያል ስለሆነ ሬዚስታንስ ከሌለው፣ ያን ቮልቴጅ ሊሸከምልህ የሚችለው የፍለክስ ለውጥ ብቻ ነው። ሌላ የሚሸከመው ነገር የለም። ስለዚህ ፍለክሱ በየቅጽበቱ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ሶኬቱ ወስኖታል፣ ኮሩ ምንም ምርጫ የለውም፣ ሎድ ይኑር አይኑር፣ ብረቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ። ፍለክሱ ማለት በየቅጽበቱ የተጠራቀመው ቮልቴጅ ለዙሩ ሲካፈል ነው።

ልጁ ሶፍት ላይ ቁጥር አስቀምጥልኝ አለ (ደብተሩ ላይ ዘይት ፈራ መሰለኝ) እና አስቀመጥን። ፕራይመሪው 1000 ዙር፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የቮልቴጁ ጫፍ 311 ገደማ ነው፣ ግማሽ ሳይክል 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ የዛ ግማሽ ሳይክል ከርቭ ስር ያለው ስፋት ሲሰላ 1.98 ቮልት ሰከንድ ይመጣል፣ ለ1000 ዙር ስታካፍለው 1.98 ሚሊ ዌበር (ዌበር የፍለክስ መለኪያ ነው)። ይሄ ከታች ጫፍ እስከ ላይ ጫፍ ያለው ጉዞ ነው፣ ስለዚህ ፍለክሱ ከሲቀነስ 0.99 እስከ ሲደመር 0.99 ይመላለሳል ማለት ነው። ያቺ 4.44 የምትባል ፎርሙላ፣ 4.44 ሲባዛ ፍሪኩዌንሲ ሲባዛ ዙር ሲባዛ ፍለክስ፣ ከዚህ ሌላ ነገር አይደለችም፣ 220ን ለ4.44፣ ለ50 እና ለ1000 አካፍለው ያው 0.99 ይመጣልሃል። ኮሩ 8 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ 1.24 ቴስላ (ፍለክሱ ለስፋቱ ሲካፈል) ነው፣ ለሲሊከን ብረት የሚመች ቁጥር። እስካሁን ስለ ከረንት አንድ ቃል አልተናገርንም፣ ልብ በሉ፣ ፍለክሱ ግን እስከ ሁለት ዴሲማል ታውቋል።

"ታዲያ ከረንቱስ?" አለ ልጁ።

ከረንቱ ኮሩ የሚጠይቀው ኮሚሽን ነው አልኩት። ቤት ስትከራይ ደላላው ይቆርጥ የለ? ቤቱን የሰራው ደላላው አይደለም፣ ኪራዩንም የተመነው እሱ አይደለም፣ ግን ያለ ኮሚሽን አያገናኝህም። ኮሩም እንደዛ ነው፣ 0.99 ሚሊ ዌበር ፍለክስ ላሳልፍ ካልክ ይሄን ያህል አምፔር ተርን አምጣ ይልሃል። ስንት እንደሚጠይቅ የሚወስነው ሪላክታንሱ (ኮሩ ለፍለክስ ያለው እምቢታ) ነው፣ ማለትም የኮሩ ርዝመት፣ ስፋቱና ፐርሚያቢሊቲው (ብረቱ ፍለክስ የማሳለፍ ችሎታው)። ርዝመቱን 20 ሴንቲሜትር፣ አንፃራዊ ፐርሚያቢሊቲውን 5000 ብትል፣ ጫፍ ላይ ወደ 39 አምፔር ተርን ይጠይቅሃል፣ በ1000 ዙር 39 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። ማግኔታይዚንግ ከረንት የሚባለው ይቺ ናት።

ብረቱን አሻሽለው። ፐርሚያቢሊቲው 50,000 ሲሆን ኮሚሽኑ ወደ 4 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፣ 500,000 ሲሆን 0.4። ፍለክሱስ? 0.99። 0.99። 0.99። ፍንክች አላለም፣ ምክንያቱም እሱን የወሰነው ሶኬቱና የዙሩ ብዛት ነው። አይዲያል ትራንስፎርመር የምንለው የዚህ መንገድ መጨረሻ ነው፣ ፐርሚያቢሊቲው መጨረሻ የሌለው፣ ሪላክታንሱ ዜሮ፣ ነፃ የሚያገናኝ ደላላ (ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ንገሩኝ)። ያን ጊዜ ፍለክሱ እንዳለ አለ፣ እሱን ለማቆየት የሚያስፈልገው የአምፔር ተርን ድምር ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ "ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ፍለክስ የለም" የሚለው ድምዳሜ የሚሰራው ሪላክታንሱ ዜሮ ካልሆነ ብቻ ነው። ሪላክታንሱም ዜሮ ከሆነ ግን ዜሮ ለዜሮ እያካፈልክ ነው፣ ከዛ ስሌት ምንም መልስ አታገኝም፣ መልሱን ከሌላ ወገን ከፋራዴይ ነው የምታመጣው።

ይሄን በወረቀት ብቻ ማመን ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ስለዚህ በሌላ ቀን ቤት መጥቶ አሳየሁት። እኔ አምፕሊፋየርና ስታብላይዘር ስለምጠግን የተቃጠለ ትራንስፎርመር አይጠፋም ከቤት። አንድ የአሮጌ አምፕ ትራንስፎርመር ነበረ፣ ፕራይመሪው ደህና ሴኮንደሪው የተበጠሰ። ላሜራዎቹን አወጣናቸው፣ መቼስ የመጀመሪያዋ ላሜራ እስክትነቀል ነው ስቃዩ፣ ቫርኒሹ ሁሉንም አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል፣ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጎ መፈልቀቅ፣ ከዛ በፒንሳ መሳብ። ከወጣ በኋላ ተራ ስስ ላሜራ ነው፣ አንዱ ኢ ቅርፅ አንዱ አይ ቅርፅ፣ አንድ ጎኑ ሲነካ ለስለስ የሚል ኢንሱሌሽን የተቀባ። ባዶውን ጥምጥም ከ100 ዋት አምፖል ጋር በሲሪስ (በተከታታይ) አሰርነው (የድሮው ቢጫ አምፖል መሆን አለበት፣ ኤልኢዲ አይሆንም) እና ሶኬት ላይ ሰካነው። 220 ነው፣ ቀልድ የለውም፣ ላሜራ ስትጨምሩ እየነቀላችሁ ጨምሩ።

ባዶው ጥምጥም ጋር አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ፣ ሽቦ በቀጥታ ያሰርን ነው የሚመስለው። ከረንቱ ግማሽ አምፔር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጥምጥሙ ላይ ያለው ቮልቴጅ ግን ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፣ የቀረውን ሁሉ አምፖሉ ወስዶታል። ከዛ ላሜራውን ጥቂት ጥቂት እያደረግን መለስን። አምፖሉ እየቀላ፣ እየደበዘዘ፣ መጨረሻ ላይ ክሯ ብቻ የብርቱካን መስመር ሆና ታየች፣ አይዎቹን ገጥመን ኮሩን ስንዘጋው እሷም ጠፋች። መልቲሜትሩን ጥምጥሙ ላይ ስናደርግ ሶኬቱ ውስጥ ያለውን ሊያክል ምንም አልቀረውም።

"እሺ አሁን ፍለክሱ የበዛው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ለአፍታ አምፖሉን አየ። ፍለክሱ የበዛው አምፖሉ ሲጠፋ ነው። ከረንቱ ሲበዛ ጥምጥሙ ላይ ቮልቴጅ ስላልነበረ ፍለክሱ ኢምንት ነበር፣ ከረንቱ ከምንም ሲቆጠር ደግሞ 220ው ሁሉ ጥምጥሙ ላይ ስለሆነ ፍለክሱ ሙሉ ሆነ። "ከረንት ፍለክስ ይፈጥራል" የሚለውን ይዘህ ከሄድክ ይሄ ግልብጥ ነው የሚሆንብህ። አረፍተ ነገሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን በስንት ከረንት ስንት ፍለክስ የሚለውን የሚናገረው ብረቱ ነው፣ ስንት ፍለክስ ያስፈልጋል የሚለውን ደግሞ ቮልቴጁ።

ሎድ ሲመጣስ? ሴኮንደሪው 100 ዙር ይሁን፣ 22 ቮልት፣ 5 አምፔር የሚወስድ ነገር አሰርንበት። 5 ሲባዛ 100፣ 500 አምፔር ተርን ሆኖ ፍለክሱን ለመግፋት ይመጣል። ፍለክሱ ቢቀንስ ምን ይሆናል ብለህ አስብ፣ አንድ ፐርሰንት ብቻ ቢቀንስ ፕራይመሪው ውስጥ ሶኬቱን የሚመክተው ቮልቴጅም በአንድ ፐርሰንት ይቀንሳል፣ 2.2 ቮልት ተሸካሚ አጥቶ ይቀራል። አይዲያል ሽቦ ላይ 2.2 ቮልት ትርፍ ማለት ወሰን የሌለው ከረንት ነው። ስለዚህ እዛ ከመድረሱ በፊት ፕራይመሪው 0.5 አምፔር ይስባል፣ 0.5 በ1000 ያው 500፣ ተጣፉ። ሁለቱ 500ዎች ካንስል የተደራረጉት ፍለክሱ እንዳይነካ ነው እንጂ ፍለክሱን ለማጥፋት አይደለም፣ የተማሪው ግራ መጋባት ሁሉ እዚህ ጋ ነው። በእውነተኛው ትራንስፎርመር ደግሞ ከ500ው ላይ ያቺ 39 ኮሚሽን ትጨመራለች (በቀጥታ አትደመርም፣ ፌዟ፣ ማለትም ጫፍ የምትደርስበት ጊዜ፣ በዘጠና ዲግሪ ገደማ ስለሚለይ)፣ በአይዲያሉ ደግሞ እሷም የለችም።

ለነገሩ መጠኑ ይለያያል እንጂ ከጣና ውሃ ወስዶ በለስ ላይ የሚመነጨው 460 ሜጋ ዋት በ400 ኪሎ ቮልት ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ፣ ከዛ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ጋ በ15 ኪሎ ቮልት ደርሶ ቤታችን በ220 ሲገባ፣ ባለፈበት ትራንስፎርመር ሁሉ የሆነው ይሄው ነው። ትልልቆቹ እንደውም ወደ አይዲያሉ ይቀርባሉ፣ ማግኔታይዚንግ ከረንታቸው ከሙሉ ሎዱ አንድ ፐርሰንትም የማይሞላ አለ፣ የኔ የአምፕ ትራንስፎርመር ግን ከአስር ፐርሰንትም ሊያልፍ ይችላል። ማታ ሰፈር ጭር ሲል የምሰሶው ትራንስፎርመር ሲያንጎራጉር የምትሰሙት ድምፅም ፍለክሱ ነው፣ ብረቱ ፍለክስ በሞላበት ቁጥር በጣም በጥቂቱ ይለጠጣል፣ በአንድ ሳይክል ሁለቴ ስለሚሞላ (አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ) ድምፁ 100 ኸርዝ ነው፣ 50 አይደለም። ሎድ ባይኖርም ያንጎራጉራል፣ አሁን ለምን እንደሆነ ገባችሁ።

ልጁ ደግሞ አይለቅም፣ "ሪላክታንሱ ዜሮ ከሆነ ታዲያ አይዲያል ትራንስፎርመር ዲሲ ያሳልፋል ማለት ነው?" አለኝ። በወረቀት ላይ አዎ! 12 ቮልት ባትሪ 1000 ዙር ላይ ብታስር ፍለክሱ በሰከንድ 12 ሚሊ ዌበር እየጨመረ ይሄዳል፣ ለውጡ ቋሚ ስለሆነ ሴኮንደሪው ላይም ቋሚ 1.2 ቮልት ታገኛለህ፣ እስከ ዓለም ፍፃሜ። እውነተኛው ብረት ግን 1.9 ቴስላ አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል (ከዛ በላይ ፍለክስ በቀላሉ አይቀበልም)፣ የኛ 8 ካሬ ሴንቲሜትር ኮር ወደ 1.5 ሚሊ ዌበር ላይ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዲሲው የሚሰራው ለሰከንድ ስምንተኛ ያህል ነው፣ ከዛ በኋላ ፕራይመሪው ተራ ሽቦ ሆኖ መሞቅ ይጀምራል። የፋራዴይ መርፌ ደንገጥ ብላ የተመለሰችውም በዚሁ ሰፈር ነው፣ ከረንቱ ሽቦው በፈቀደው ልክ ከሞላ በኋላ ፍለክሱ መለወጥ አቆመ።

የጥጋቡን ነገር ካነሳን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስታብላይዘሩ "ድው" ብሎ ብሬከር የሚጥልበትን ምክንያት አብረን እንየው። ፍለክስ የተጠራቀመ ቮልቴጅ ነው ብለናል፣ ጥያቄው ከየት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። በሰላሙ ጊዜ ግማሽ ሳይክል የሚጀምረው ከሲቀነስ 0.99 ነው፣ 1.98 ሲጨመርበት ሲደመር 0.99 ላይ ያርፋል። መብራቱ የመጣው ግን ልክ ቮልቴጁ ዜሮን ሲያቋርጥ ከሆነ ፍለክሱ የሚነሳው ከዜሮ ነው፣ 1.98ው ሙሉውን ወደ ላይ ይቆለላል። ኮሩ ደግሞ 1.5 ላይ ጠግቧል። የቀረውን ብረቱ ስለማይረዳ በባዶ ጥምጥም ነው የምታመጣው፣ የአምፖሉን ሙከራ አስታውሱ፣ ባዶ ጥምጥም ስንት ከረንት እንደሚጎትት አይተናል። መብራቱ የመጣው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሳለ ከሆነ ግን ምንም ድምፅ የለም፣ ለዛ ነው አንዳንዴ ድው የሚለው አንዳንዴ ዝም የሚለው፣ እቃው ተበላሽቶ አይደለም፣ የዕድል ጉዳይ ነው። ጥቂት ሳይክል ካለፈ በኋላ የሽቦው ሬዚስታንስ ወደ መሃል ይመልሰዋል።

ሌላው በየጊዜው የሚመጣልኝ ጣጣ ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ነው። ዲያስፖራው በሻንጣ ተሸክሞ ያመጣዋል፣ ሰርግ ሊያደምቁበት 220 ላይ ይሰኩታል፣ ጭስ። እዛ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ፍለክሱ ቮልቴጅ ለፍሪኩዌንሲ ሲካፈል ስለሆነ የሚሄደው 220 ለ120፣ ከዛ 60 ለ50፣ ሲባዛ 2.2 እጥፍ። ኮሩ ለ1.3 ቴስላ ከተሰራ 2.86 አምጣ እየተባለ ነው፣ የለውም፣ ፊውዙ ቶሎ ካልሄደ ፕራይመሪው ይሄዳል። ሎድ አላደረግንበትም፣ ቮሊዩሙን አልከፈትነውም እያሉ ይምላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ፍለክሱ ከሎድ ጋር ምንም የለውም።

220ን ወደ 110 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገዝታችሁ ከሰካችሁት ሒሳቡ 110 ለ120፣ ሲባዛ 60 ለ50፣ 1.1 ይመጣል፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ባይስተካከልም ከልኩ አስር ፐርሰንት ብቻ ነው የሚያልፈው። ትንሽ ይሞቃል፣ ከወትሮው ከፍ አድርጎ ያንጎራጉራል፣ ግን ይሰራል። ከላዩ ላይ ጨርቅ አታልብሱት።